ቲማቲም ልገዛ ሄጄ
(የዓመታዊ ስብሰባችን የመክፈቻ ንግግር)

ሰላም ወገኖቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቡናው እየተቆላ ስለሆነ ብዙ አላስቆማችሁም። ሪፖርቱን ገንዘብ ያዣችን ታቀርባለች፤ እኔ ስለ ጎረቤቶቻችን ትንሽ ላውራ።

እዚህ ስዊድን፣ ሶደርቴልዬ ስንኖር አሦራውያንን በየቀኑ እናገኛቸዋለን፤ ግን ብዙዎቻችን «አረቦቹ» እያልን እናልፋለን። አረብ አይደሉም። አብዛኞቹ የዚህ ከተማ ቤተሰቦች መነሻቸው ቱር አብዲን ነው፣ ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ። የመጀመሪያዎቹ በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ.) ከሊባኖስ ሲመጡ የማንም አገር ዜጋ አልነበሩም።

በቀደም ከሰፈራችን ሱቅ ቲማቲም ልገዛ ገብቼ ባለሱቁ የልጅ ልጁን እንቁላል ያስቆጥራል። «አርብዖ፣ ሐምሾ…» (አራት፣ አምስት) እያለች ትንሿ ቀጠለች፣ መጨረሻ ላይ «ተሽዖ፣ ዓስሮ» ስትል ፌስታሌን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ይሄማ የኛው ግዕዝ ዘመድ ነው! ከዚያ ሰውዬውን ያዝኩት። ቤት ባይቶ፣ ልሳን ሊሾኖ፣ ልብ ሌቦ (ሌባ እንዳይመስላችሁ)። የነነዌን ጾም እነሱም ሦስት ቀን ይጾማሉ። በ1915 ኦቶማኖች ሕዝባቸውን የፈጁበትን ጊዜ ምን ትሉታላችሁ አልኩት፤ «ሰይፎ» አለኝ። ትርጉም አልጠየቅሁም።

አገር የላቸውም፣ ቋንቋውን ግን ይዘው እዚህ ደርሰዋል። እንዴት? ትልቁ መልስ ዘፈን ይመስለኛል። ሱራይት የሚሉት ይሄ ቋንቋቸው የቤት ቋንቋ ነበር፤ ሰርግ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘፈነው በኩርድኛና በአረብኛ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ቀሚሽሊ፣ ሶሪያ ውስጥ፣ እነ ሀቢብ ሙሳ በራሳቸው አፍ መዝፈን ጀመሩ። አሁን ሰርጋቸው ላይ የአሥር ዓመት ልጅ ግጥሙን በቃሉ ይዞ፣ በትንሿ ጣት ተያይዞ፣ መሐረብ የሚያውለበልበውን መሪ ተከትሎ ሲዞር ታዩታላችሁ። እኔ አንዴ ገብቼበት እግሬ ጠፍቶብኛል፤ ትከሻ እንጂ እግር አልተማርንም።

ኳሱንም አትርሱ። ክለቦቻቸው፣ አሲሪስካ በ2005፣ ሲሪያንስካ በ2011 የስዊድን ከፍተኛው ዲቪዚዮን ገብተዋል። አንድ ሕዝብ ለምን ሁለት ክለብ? «ስማችን ማን ነው» በሚለው ስላልተስማሙ። እኛ እንኳን እንዲህ ዓይነት ነገር አናውቅም! (አትሳቁ።)

ደግሞ ይሄን ስሙ። በ1980ዎቹ የስዊድን መንግሥት ለልጆቻቸው መማሪያ መጽሐፍ በላቲን ፊደል አሳተመላቸው። ብዙዎቹ «የራሳችን ሃያ ሁለት ፊደል እያለ?» ብለው ተቆጡ። እኛ ግን ሁለት መቶ ምናምን ፊደል ይዘን «ሰላም ናችሁ»ን ራሱ በላቲን ቴክስት እናደርጋለን፣ እኔን ጨምሮ።

እንግዲህ ወደ ሥራ። ቤት ውስጥ አማርኛ የሚወራለት ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት መጠየቅ ይችላል። ቢያንስ አምስት ልጆች ከጠየቁና አስተማሪ ከተገኘ ኮሚዩኑ (የከተማው አስተዳደር) ማስተማር አለበት። አሦራውያኑ ይሄን በር ሲያንኳኩ ስንት ዘመናቸው ነው፣ እኛ «ልጄ ይሰማል፣ አይመልስም እንጂ» እያልን ቁጭ ብለናል።

ቅጹ በሩ አጠገብ፣ ከዳቦው ጎን አለ። እስካሁን የሦስት ልጆች ስም ተጽፏል። አርብዖና ሐምሾ የማን ልጆች ናቸው?