እኛ ከኋላ የነበርነው የት ሄድን?

ጤና ይስጥልኝ። ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ።

እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ «በፍሪላንስ የሙዚቃና የባህል ጋዜጠኝነት እንዴት ይኖራል?» የሚል ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። «እሱንማ እኔ ልናገር፤ አራት ዓመት የቤት ኪራይ የከፈልኩት እኔ ነኝ» አለች። እውነቷን ነው። በእነዚያ አራት ዓመታት ከጽሑፍ ያገኘሁት ከታክሲና ከማኪያቶ አያልፍም ነበር። ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ደሞዝ ያላችሁ ደሞዛችሁን ይዛችሁ ማታ ማታ ጀምሩ ለማለት ነው።

ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው ሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ነው። ያን ሰሞን ብዕር የያዘ ሁሉ ስለ ጥላሁን ይጽፋል። እኔም ለአንድ ጋዜጣ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። «የዘመናት ድምፅ»፣ «የማይደገም»፣ ምን ያላልኩት አለ! በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣውን አጣጥፈው ይዘው ዝግጅት ክፍሉ ድረስ መጡ። በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሳክስፎን ይነፉ የነበሩ ሰው ናቸው። ሊያመሰግኑኝ የመጡ መስሎኝ ብድግ አልኩ።

«ጥሩ ነው ልጄ» አሉ። «ግን እኛ ከኋላ የነበርነው የት ሄድን?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ የሠራሁት ሥራ ሁሉ ለዚያች ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው ብል አላጋነንኩም። ደግሞም ደርዘን ዘፋኝ ያመሰገንኩበት ጽሑፍ ያላበላኝን እንጀራ ያበላኝ ይሄው ነው።

ጉለሌ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈላ። ቴፔን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የተማርኩትን ጥያቄ ጠየቅኩ፤ «ወደ ሙዚቃ የሳበዎት ምንድን ነው?» ዝም አሉ። «ሙዚቃ ለርስዎ ምንድን ነው?» አሁንም ዝም። ስኒያቸውን ያሽከረክራሉ። ጨነቀኝና እንዲያው አመለጠኝ፦ «ለአንድ ሌሊት ስንት ይከፈላችሁ ነበር?»

ቀና አሉ። ከዚያ ሁለት ሰዓት አላቆሙም። ክፍያው 15 ብርና እራት ነው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ሆቴል ገብቶ ያመሸ ሰው ሳይነጋ መውጣት አይችልም። ባንዱም አይችልም። ስለዚህ እስኪነጋ ይጫወታሉ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን ግማሹ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ተኝቷል። እንዳይቀሰቅሱት ዝግ አድርገው ይነፉ እንደነበር ነገሩኝ። «ትዝታን እንደዚያ ሰዓት ተጫውቼው አላውቅም» አሉ።

ቤቴ ገብቼ ቴፑን ስከፍት የተቀዳው 11 ደቂቃ ነው። ድንጋይ ጨርሷል! በማግስቱ ደብተርና አዲስ ድንጋይ ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። «ትናንት የነገርኩህን ዛሬ አሳምሬ እነግርሃለሁ» ብለው ሳቁብኝ። ዛሬም ስልክ ይዤ ብሄድም ደብተር አይለየኝም።

ያ አንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ተሸጧል። መጀመሪያ የጋዜጣ ታሪክ ሆነ። ከዚያ የሬዲዮ ዝግጅት ሆነ። ሦስተኛ፣ የድሮ ሸክላ እንደገና የሚያሳትም የውጭ ድርጅት ለሸክላው መግለጫ ጻፍልን አለኝ፤ የዚያ አንድ ሥራ ክፍያ ከስድስት ወር የጋዜጣ ክፍያ በለጠ። አራተኛው በእንግሊዝኛ ለአንድ መጽሔት ነው። አስተያየቴን ብቻ ይዤ ብሄድ ኖሮ አንድም ሰው አይገዛኝም ነበር። አስተያየት ያለው ሰው ሞልቷል፤ ዩቲዩብ መክፈት ነው።

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የዘፋኙን የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያወጣ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። ወጣቱ የሙዚቃ ቤት ነጋዴ አዋጁን ደፍሮ፣ ህንድ አሳትሞ አስመጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ። እነዚያን ቅጂዎች ዓለም ያወቃቸው ቆይቶ ነው፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ወደ 30 የሚጠጋ ቅጽ ሲያወጣ። በየቅጹ ውስጥ ስምና ታሪክ ያለበት ትንሽ መጽሐፍ አለ። «ፈረንጅ ቀደመን» የሚል ቁጭት እሰማለሁ። ቀደመን፤ ግን ማን ከለከለን? የጠየቃቸው ሰዎች ብዙዎቹ እዚሁ ፒያሳ ቡና ይጠጡ ነበር።

ኃይሉ መርጊያን ውሰዱ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ታክሲው ኋላ ኪቦርድ ጭኖ፣ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮን የቀዳው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም የዓለም ጋዜጦች ተሻሙበት። ከዚያ በፊት በዚያ ታክሲ የተሳፈረ ሐበሻ ስንት ይሆን? አርታኢ ጋ ስትሄዱ «ስለ ኢትዮ ጃዝ ልጻፍ» ካላችሁ «እናስብበታለን» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። «ኤርፖርት ተራ እየጠበቀ ኪቦርድ የሚለማመድ ሰው አለ» ካላችሁ ግን «መቼ ታደርስልኛለህ?» ነው መልሱ።

አዲስ አበባ ውስጥ የተለመደው መንገድ ኤፍ ኤም ላይ ተባባሪ አዘጋጅ መሆን ነው። የአየር ሰዓት ትገዛላችሁ፣ ስፖንሰር ታመጣላችሁ፣ የተረፈው የናንተ ነው። እኔም አንድ ዓመት ሞክሬዋለሁ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ የማስታወቂያ ደላላ፣ ዓርብ ጋዜጠኛ ነበርኩ። የሚሆንለት አለ። እኔ የቢራ ፋብሪካ ኮሪደር ስጠብቅ ሙዚቃ መስማት አቆምኩ፤ ተውኩት።

ፖስታ የምንለውንም ሳላነሳ ብሄድ ታሙኛላችሁ። የአልበም ምረቃ ላይ «የትራንስፖርት» ተብሎ ኪስ ውስጥ የምትገባውን ማለቴ ነው። እኔ ተቀብያለሁ። ሁለት ጊዜ። ሁለተኛው ላይ አልበሙ መጥፎ ነበር፤ እኔ «ተስፋ ሰጪ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ጓደኛዬ አንብቦ «ስንት ሰጡህ?» አለኝ። ቀልዱን ነው፤ እኔ ግን ደነገጥኩ። ከተማው ጠባብ ነው፣ ሙዚቀኛውም አንባቢውም እዚያው ካፌ ነው የሚቀመጠው። አሁን ታክሲዬን ራሴ ከፍዬ እሄዳለሁ፣ ደስ ካላለኝም ዝም እላለሁ ወይም እጽፋለሁ።

ስለ ብር ሁለት ነገር ልበል። ሳይጽፉ በፊት «ስንት ነው? መቼ ነው?» ማለት ነውር አይደለም። ይሉኝታ ይዞኝ ሳልጠይቅ የጻፍኩትና እስከ ዛሬ ያልተከፈለኝ ጽሑፍ አለ፤ የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ሥራ አስኪያጁ ሲያገኘኝ አሁንም በጣም ያቅፈኛል። ሌላው፣ «ስምህ ይታወቅልሃል» ለሚላችሁ ሰው አከራያችሁን አስተዋውቁት። ደግሞ ቲን ነምበር አውጡ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ያለሱ አይከፍሉም፤ እኔ ይህን የተማርኩት ቼክ ተዘጋጅቶልኝ ባዶ እጄን የተመለስኩ ቀን ነው።

ሽማግሌው አርፈዋል። ነፍሳቸውን ይማር። ከማረፋቸው በፊት ካሴት እየከፈትኩላቸው «ይሄ ማነው?» እላቸው ነበር። በዚያ ዘመን ካሴት ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶ አለ፣ ሲሆን የባንዱ ስም አለ፤ የተጫዋቾቹ ስም ግን ብዙ ጊዜ የለም። ዓይናቸውን ጨፍነው በአነፋፉ ብቻ ሰውየውን ይለዩታል። ትንፋሽ የት እንደሚወስድ ያውቃሉ። 61 ካሴት ላይ ስም አስሞልቼያለሁ። የቀረው ብዙ ነው።

በሩ አጠገብ ያለውን ካርቶን አይታችሁታል። ውስጡ 40 ካሴት አለ። ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱ። ስሙ ያልተጻፈ አንድ ሰው ፈልጉ፤ ከበሮ የመታም ይሁን ቤዝ የያዘ። በሕይወት ካለ ቡና ጋብዙትና ስንት እንደተከፈለው ጠይቁት። ካሴቱን ግን አደራ፣ መልሱልኝ። የባለቤቴ ነው፤ መውሰዴንም አልነገርኳትም።