ያሸነፈውን ማን ያቁመው?

ሰላማዊት፦ እንደምን ሰነበታችሁ? ከባሕር ዳር ነን፣ ፔዳ አካባቢ ካለችው ጠባብ ክፍላችን። ዛሬ የወታደር ተኩስ ጌሞችን እናማለን። ዮናስ ገና ከበር ጀምሮ እያጉረመረመ ነው።

ዮናስ፦ እንዴት አላጉረምርም! ትናንት ጌም ቤት ልጆቹ የድሮውን ኮል ኦፍ ዱቲ 4 ከፍተዋል፤ በፈረንጆቹ 2007 የወጣውን። አንድ ጎበዝ አለ። ሳይሞት ሦስት ሲገድል ራዳር ተሰጠው። አምስት ሲሞላ የአየር ድብደባ። ሰባት ሲል ሄሊኮፕተር። ከዚያ ልጁ ተደላድሎ ሚሪንዳውን ይጠጣል፣ ሄሊኮፕተሩ ይገድልለታል።

ሰላማዊት፦ ችሎታው ነዋ ያመጣለት።

ዮናስ፦ ሰባቱ የችሎታው ናቸው፣ እሺ። ስምንተኛው የማን ነው? ላለው ይጨመርለታል ማለት ይሄ ነው። በ2009 በወጣው ኮል ኦፍ ዱቲማ ባሰበት። 25 በተከታታይ የገደለ ኑክሌር ይጥላል፤ ቡድኑ እየተመራም ቢሆን ያሸንፋል።

ሰላማዊት፦ ጎበዙን ካልሸለሙት ለምን ይለማመዳል ታዲያ?

ዮናስ፦ ማሸነፉ አይበቃውም? ካውንተር ስትራይክ የሚባለውን የተኩስ ጌም እዪው። እዚያ ጨዋታው ሒሳብ ነው። ተጋጣሚዎቹን ሁሉ ገድሎ ዙሩን ያሸነፈ ቡድን፣ እያንዳንዱ ተጫዋች በጌሙ ውስጥ መሣሪያ የሚገዛበት 3250 ዶላር ያገኛል። ተሸናፊው መጀመሪያ ላይ ያንሰዋል። ግን በተከታታይ በተሸነፈ ቁጥር 500 እየተጨመረለት እስከ 3400 ይደርሳል። አሸናፊውን በለጠው እኮ!

ሰላማዊት፦ አውፕ የሚባለው የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃም እንደዛው ነው። 4750 ዶላር ከፍለህ ትገዛዋለህ፣ በሱ አንድ ሰው ስትገድል የሚሰጥህ 100 ብቻ። ማክ 10 በሚባለው ርካሽ መሣሪያ የገደለ 600 ይወስዳል።

ዮናስ፦ በቃ፣ ሚዛን ይሄ ነው። የጎበዙን እጅ አላሰሩም፣ ሂሳቡን ብቻ አስተካከሉ።

ሰላማዊት፦ እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ባንዲራ መያዝ ያለበት ጨዋታ እገባለሁ። ጓደኞቼ ጣሪያ ላይ ተኝተው ሰው እያነጣጠሩ ይገድላሉ፣ እኔ ብቻዬን ባንዲራው ስር እሞታለሁ። መጨረሻ ላይ ከላይ የሚወጣው የነሱ ስም!

ዮናስ፦ ጌሙ የሚቆጥረው ሬሳ ከሆነ ምን ያድርጉ? የኮል ኦፍ ዱቲው ብላክ ኦፕስ 2 በ2012 ይህን አርሞታል። ከግድያ ይልቅ ነጥብ መቁጠር ጀመረ፣ ባንዲራ የያዘም ሽልማት ይደርሰዋል።

ሰላማዊት፦ ስለ ዓላማ ካነሳንማ፣ አሜሪካስ አርሚ የሚባል ነበር። የአሜሪካ ጦር ራሱ ወጣት ለመመልመል በ2002 በነፃ ያወጣው፣ በ2022 የተዘጋው። ሁለት ቡድን ይዋጋል፣ ግን ሁለቱም በየስክሪናቸው ራሳቸውን የአሜሪካ ወታደር ሆነው ነው የሚያዩት። ጠላት ሁሌ ያኛው ነው።

ዮናስ፦ እሱ እንኳ ዓላማውን አልደበቀም።

ሰላማዊት፦ ይሁና። እኛ ከተማ ግን ተኩስ ሲሰማ ሰው መጀመሪያ ጆሮውን ጥሎ ከስልክ ነው ከውጭ ይላል። እናቴ ወንድሜን «ወይ ማዳመጫ አድርግ ወይ ዝጋው» ነው የምትለው።

ዮናስ፦ ይዘጋ ልትዪ ነው?

ሰላማዊት፦ አልወጣኝም፣ እኔም እጫወታለሁ። የጠመንጃውን ምላጭ ሳይቀር አሳምረው ይሠሩታል። ጌሙ ከተማ ውስጥ ግን ሰላማዊ ሰው የለም። ሱቅ አለ፣ ባለሱቅ የለም። አልጋ አለ፣ የሚተኛበት የለም።

ዮናስ፦ ሰው ቢጨምሩበት ልጆቹ ይተኩሱበታል።

ሰላማዊት፦ ይቀጡ ታዲያ። ካውንተር ስትራይክ ላይ ታጋች የመታ ብሩ ይቆረጥበት የለ?

ዮናስ፦ ይቆረጥበታል። ኪሱ ባዶ የሆነውንስ ምኑን ይቆርጡታል?

ሰላማዊት፦ እሱን ሳምንት እንጨቃጨቅበት። መብራት ሳይሄድ ቅጂውን ላስቀምጥ።