መንገዱ ሲዞር፦ አንኮበር፣ አልዩ አምባ እና የይፋት ፍርስራሾች

ብሌን፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ እንወርዳለን። ሄኖክ በቅርቡ ደርሶ መጥቷል። ሲቀመጥ እንኳ «እህ» እያለ ነው።

ሄኖክ፦ ጉልበቴ ነው ባክሽ። መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው የፈጀኝ።

ብሌን፦ መጀመሪያ ቦታውን አስይዘን። አንኮበር የሚለውን ስም ሁሉም ከታሪክ ትምህርት ያውቀዋል። የት እንዳለች ግን ብትጠይቀው ብዙው ሰው ይደናገራል።

ሄኖክ፦ ከደብረ ብርሃን 42 ኪሎ ሜትር ናት። ደጋውን ትነጃለሽ፣ ትነጃለሽ፤ ገብስ፣ በግ፣ ብርድ። ከዚያ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከፊትሽ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ቆላ፣ ከቆላው ማዶ የአፋር በረሃ። አንኮበር ያ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠችው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ የሸዋ መቀመጫ አደረጓት። ስሟ የገነነው ግን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ ነው፤ በፈረንጆቹ ከ1813 እስከ 1847 ማለት ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ብሌን፦ ለምን ጫፍ ላይ? ደጋው ሙሉ ሜዳ አይደል?

ሄኖክ፦ «ለጦር ስለሚመች» ይላል መጽሐፉ። እውነት ነው፣ ከታች የሚመጣ ጠላት ትንፋሹ አልቆ ነው የሚደርሰው። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ንግዱ ነው። ጨው ከአፋር ይመጣል። ጨርቁም ጠመንጃውም ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ካለው ከታጁራ ወደብ በግመል ተጭኖ በረሃውን አቋርጦ ይመጣል። ያ ሁሉ ወደ ደጋው የሚወጣው በዚህ በኩል ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው በሩን ያዘ ማለት ነው።

ብሌን፦ ኬላ ጠባቂ በለኛ!

ሄኖክ፦ ዘውድ የደፋ ኬላ ጠባቂ። እንግሊዞችም ይህን ስላወቁ ነው በ1841 ካፒቴን ሃሪስን ከነስጦታው የላኩት። መድፍና ጠመንጃ ይዞ መጥቶ የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈራረመ።

ብሌን፦ እሺ፣ ዛሬ ሰው ሄዶ ምን ያያል? ቤተ መንግሥት አለ ይባላል።

ሄኖክ፦ ኮረብታው አለ። ልክ እንደ ሞሰብ ክዳን ሾጠጥ ያለ ነው። ላዩ ላይ የድሮው ግንብ ቁራጭ ቆሟል፤ ጠጋ ብለሽ ስታዪው በድንጋዩ መሀል ኖራው አሁንም ነጭ ነው፣ በጥፍር ብትፍቂው አይነሳም። ከጎኑ በድሮው ቤተ መንግሥት አምሳል የተሠራ ሎጅ አለ። ጎብኚው እዚያ ይወጣል፣ ሰልፊ ይነሳል፣ ቡና ይጠጣል፣ ይመለሳል።

ብሌን፦ ምን ችግር አለው? እኔም ያንን ነው የማደርገው።

ሄኖክ፦ ችግር የለውም። አንኮበርን አየሁ ብለሽ አትምጪ እንጂ! ቤተ መንግሥቱ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። የከተማዋ ታሪክ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ነው ያለው። አሁን የራምቦን ነገር ላምጣ።

ብሌን፦ የሐረሩ ራምቦ? ፈረንሳዊው ገጣሚ?

ሄኖክ፦ ራሱ። ያኔ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ሆኗል። ለምኒልክ የሚሸጥ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ገዝቶ፣ በ1886 መጨረሻ ገደማ ከታጁራ ሲራራ አስነስቶ ይነሳል። በዚያ በረሃ አራት ወር ሊሞላው ምንም አልቀረው። የካቲት 1887 አንኮበር ሲደርስ፣ ንጉሡ የሉም።

ብሌን፦ የት ሄዱ?

ሄኖክ፦ ሐረር ዘምተው ነበር። ድል አድርገው የሚመለሱት ደግሞ ወደ አንኮበር ሳይሆን ወደ እንጦጦ ነው። ምስኪን፣ ተከትሎ እንጦጦ ድረስ ሄደ። እዚያም በዋጋ ተከራከሩት፣ የሟች ሸሪኩ ባለዕዳዎች... ማለቴ ባለገንዘቦች ከበቡት፣ ከስሮ ወጣ። እኔን የገረመኝ ግን ቀኑ ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1886 ነው። ሰውዬው አንኮበር የደረሰው ልክ ከተማዋ ስትለቀቅ ነው። ግንቡም ቤተ ክርስቲያኑም እንዳለ ነው፣ ገበያው ታች ይቆማል፤ ባለቤቱ ግን ዕቃውን ጠቅልሎ ሄዷል።

ብሌን፦ ሰው የሚያስበው ጦርነት አፈረሳት ብሎ ነው።

ሄኖክ፦ ጦርነትማ ብዙ ጊዜ አይታለች፤ ተነስታለችም። ሐረር በምኒልክ እጅ ሲገባ ንግዱ በዚያ በኩል ሆነ። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ገባ፣ በ1917 አዲስ አበባ። ከዚያ በኋላ በግመል ከታጁራ ማን ይመጣል? ይህ አንድ። ከዚያ ጣሊያን መጣ፣ ወደ ደሴ መንገድ ሠራ። በየት በኩል?

ብሌን፦ በጣርማ በር። የሙሶሎኒ ዋሻ።

ሄኖክ፦ አዎ! ተራራውን በስቶ ደብረ ሲና ወረደ። አንኮበር ወደ ጎን ቀረች። ባቡሩ በደቡብ ዘለላት፣ መኪናው በሰሜን ዘለላት። ዛሬ የወሎን መንገድ የያዘ አውቶቡስ ሾፌር ስሟን እንኳ ለማንሳት ምክንያት የለውም።

ብሌን፦ አልዩ አምባስ? አንተ ከአንኮበር ይልቅ ስለሷ ስታወራ ነው የሰነበትከው።

ሄኖክ፦ ምክንያቱም እሷ ናት ከተማዋ። አንኮበር ቤተ መንግሥትና ካህን፣ አልዩ አምባ ገበያና ቀረጥ። ከጫፉ ትወርጃለሽ፤ ገብሱ ያልቅና ጤፍ ይመጣል፣ ከዚያ ማሽላ። ጃኬትሽን ታወልቂያለሽ፣ ቀጥሎ ሹራብሽን። አየሩ ሲለወጥ ሰዉም ሰላምታውም ይለወጣል፤ የአርጎባ አገር ነው፣ የሸማኔና የነጋዴ አገር። አልዩ አምባ አናቱ ጠፍጣፋ በሆነ አምባ ላይ ናት። በሣህለ ሥላሴ ጊዜ የሐረር ነጋዴ፣ አፋር፣ አርጎባ፣ ኦሮሞ፣ አማራ እዚያ ይገናኝ ነበር። ገበያዋ ዓርብ ነበር። ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1842 እዚያው ቤት ተከራይቶ ተቀምጦ ነበር፤ ስለ አልዩ አምባ ኑሮ ብዙ የምናውቀው ከእሱ ነው።

ብሌን፦ አንድ ነገር እንዳትዘል። እዚያ የሚሸጠው ጨውና ጨርቅ ብቻ አልነበረም።

ሄኖክ፦ አልዘልም። አጠገቧ አብዱል ረሱል የሚባል መንደር ነበር፤ የባሪያ ገበያ። ከደቡብና ከምዕራብ የተጋዙ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ልጆች፣ እዚያ ተሸጠው ወደ ታጁራ ይነዱ ነበር። ጠመንጃ ያስገባው መንገድ ሰውም ያስወጣ ነበር። ስለ ሲራራ ንግድ ውበት ብቻ የሚያወሩ አስጎብኚዎች ያናድዱኛል። የመንገዱ መዞር ለነጋዴው ኪሳራ ነው። ለዚያ ሰንሰለት ደግሞ... እንኳን ዞረ።

ብሌን፦ እሺ። ከዚያ በፊት የነበሩትስ? የድንጋይ ከተሞች አሉ ስትለኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሄኖክ፦ ቀልድ አይደለም። ይህ አገር ከአንኮበር 500 ዓመት በፊት የይፋት ሱልጣኖች አገር ነበር፣ የወላስማዎች። አል-ዑመሪ የሚባል የአረብ ጸሐፊ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ተቀምጦ፣ ከነጋዴና ከተጓዥ እየጠየቀ ስለ ይፋት ጽፏል። መስጊዱን፣ ጥጡን፣ ሸንኮራ አገዳውን፣ ጫቱን ሳይቀር።

ብሌን፦ ጫቱንም? ያኔም?

ሄኖክ፦ ያኔም! የጫት ነገር ከተጻፈባቸው ጥንታዊ መዛግብት አንዱ ነው። እንግዲህ በዚያ ተዳፋት ላይ ኖራ፣ አስባሪ፣ መሳል የሚባሉ የፈረሱ ከተሞች አሉ። ፎቬልና ሂርሽ የተባሉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቡድን ከ20 ዓመት ገደማ በፊት አጥንቷቸዋል። ኖራ ላይ ትልቅ መስጊድ አለ፤ ጣራው የለም፣ ግድግዳው ግን ቆሟል። በሸዋ ሮቢት በኩል ደግሞ ቤሪ ይፋት የሚባል ቦታ በአረብኛ የተቀረጸባቸው የወላስማዎች መቃብሮች ተገኝተዋል።

ብሌን፦ እነሱንስ ምን ገደላቸው? አንድ ጦርነት በለኝ፣ የዓምደ ጽዮንን አውቃለሁ።

ሄኖክ፦ ዓምደ ጽዮን በ1332 ይፋትን ወግተዋል፣ ልክ ነሽ። ቤተሰቡ ግን በአንዴ አልጠፋም። ከብዙ ውጊያ በኋላ ከወላስማዎቹ አንዱ ወገን ወደ ምሥራቅ ሄዶ አዳልን አቆመ። ኃይሉ ሲሄድ ንግዱም ተከተለ። ደጋግሞ የሚታየው ይኸው ነው። ገበሬው ግን አልሄደም። ፍርስራሹ አጠገብ ማሽላ ይዘራል፣ ከብት ያሰማራል። «የጠፋ ከተማ» የሚሉት ነገር አይዋጥልኝም። አገሬው የት እንዳለ ሁሌም ያውቀዋል፣ ለእኛ ነው የጠፋው።

ብሌን፦ ለሚሄድ ሰው ምን ትላለህ? ባጭሩ።

ሄኖክ፦ መጀመሪያ የአካባቢውን ሰላም አጣሩ፤ ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ሁለተኛ፣ አንኮበር እደሩና በማግስቱ ውረዱ። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችው ያለ ነገር አይደለም። አልዩ አምባን በገበያ ቀን እዩአት፤ የዛሬው የገበያ ቀን መቼ እንደሆነ አንኮበር ላይ ጠይቁ። መስጊድም መቃብርም ጋ ስትደርሱ የሰፈሩን ሽማግሌ ሳታስፈቅዱ ካሜራ አታውጡ። ድንጋይ ደግሞ ለማስታወሻ ብላችሁ እንዳታነሱ።

ብሌን፦ የወፍ ሰዎችም ይሄዳሉ አይደል?

ሄኖክ፦ አዎ፣ በአንኮበር ስም የተጠራች፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ ትንሽ ወፍ አለች። ፈረንጆቹ ቤተ መንግሥቱን ዞር ብለው ሳያዩ ገደሉ ላይ ተንጠልጥለው እሷን ይጠብቃሉ። እኔ አላየኋትም፣ ብርዱ መልሶ አስገባኝ።

ብሌን፦ ለሚቀጥለው ሳምንት አንጎለላን አስበናል። ምኒልክ የተወለዱባት፣ የሣህለ ሥላሴ ሌላዋ መቀመጫ። እዚያው ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ናት፣ ግን ቆሞ የሚያያት የለም።

ሄኖክ፦ መኪናውን አንቺ ከነዳሽ እሄዳለሁ።

ብሌን፦ እኔ እነዳለሁ፣ ነዳጅ ካንተ።