ወረፋው የት ነው?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አስተባባሪዎቹ ስለ ኔትወርክ መጨናነቅ በሦስት ነጥብ እንድናገር ጠይቀውኛል፦ መጨናነቅ ከየት እንደሚመጣ፣ ለትራፊክ ቅድሚያ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ወደፊት ምን እየመጣ እንደሆነ። ሦስቱንም እነካለሁ። የመጣሁት ግን ለመጀመሪያው ነው። ዓመታት ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለና ዛሬ እናንተ ፊት ላውጣው።

አብዛኞቻችን የምንተዋወቀው መስመር ወድቆ ሌሊት ስንደዋወል ነው። “ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ” የሚል ስልክ ሲመጣ የምናደርገውን ሁላችንም እናውቃለን። ግራፉን እንከፍታለን፤ ጫፍ ነክቶ ካየነው “አቅም ይጨመር” ብለን ደብዳቤ እንጽፋለን። እኔም ጽፌያለሁ።

ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት፣ በኔትወርኩ የሚያልፈው የስልክ ጥሪ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ይበላሽ ነበር። ደዋዩ ይናገራል፣ መልሱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሁለቱም እኩል ያወራሉ፣ ሁለቱም እኩል ዝም ይላሉ። አቅም እንዲጨመር ጠየቅን፣ ተፈቀደልን፣ የማውረጃው ፍጥነት እጥፍ ሆነ። በሳምንቱ ያው ቅሬታ ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ የምታነጋግር አንዲት ባልደረባችን ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ “ገንዘቡስ ወጣ፤ ለእኔ ምን ተለወጠ?” አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ያን ቀን ሰው ሁሉ ሲወጣ እኔ ቀረሁ። ፒንግ፣ ማለትም አንዲት ትንሽ መልእክት ደርሳ እስክትመለስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካውን መሣሪያ፣ ከፍቼ ተቀመጥኩ። መስመሩ ባዶ ሳለ 30 ሚሊሰከንድ። ከዚያ አንድ ትልቅ ፋይል መላክ ጀመርኩ። 200 አለ፣ 900 አለ፣ ከ3 ሰከንድ አለፈ። አንድም ፓኬት፣ ማለትም መረጃው ተከፋፍሎ ከሚላክባቸው ቁራጮች አንዱም፣ አልጠፋም። ያስደነገጠኝም እሱ ነው፤ ሁሉም ይደርሳል፣ ሁሉም የሚደርሰው ግን ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ሂሳቡን እዚያው ወረቀት ላይ ሠራሁት። የመላኪያው ፍጥነት በሰከንድ 2 ሜጋቢት ነበር፤ ማንም አልጨመረውም። ሞደሙ ውስጥ ያለው ባፈር፣ ፓኬቶች ተራ የሚጠብቁበት ማከማቻ፣ 1 ሜጋባይት ገደማ፣ ማለትም 8 ሜጋቢት ነው። ስምንት ለሁለት ሲካፈል አራት። ባፈሩ ከሞላ፣ ከኋላ የመጣች አንዲት ትንሽ የድምፅ ፓኬት አራት ሰከንድ ወረፋ ትጠብቃለች። ላኪው ኮምፒውተር ደግሞ መንገዱ መሙላቱን አያይም። የመላኪያውን ፍጥነት የሚመራው የኮምፒውተሩ ደንብ፣ ቲሲፒ፣ ብዙውን ጊዜ የሚነቃው ፓኬት ሲጠፋበት ነው። እኛ ባፈሩን እያሰፋን ያንን ምልክት እንደብቅበታለን፤ እሱም ደህና መስሎት መላኩን ይቀጥላል።

ይህን ሙያችን አያውቀውም ነበር እንዳትሉኝ። የኔትወርክ ባለሙያው ጆን ናግል ኔትወርክ በመጨናነቅ ሊወድቅ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1984 ጽፎ አስጠንቅቋል። በኦክቶበር 1986 በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል፣ 400 ያርድ ብቻ በሚራራቁ ሁለት ቦታዎች፣ የመስመሩ ፍጥነት በሰከንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። አርባ! ሽቦው አልተበጠሰም። ላኪዎቹ መልስ ሲዘገይባቸው ያንኑ ፓኬት ደግመው ደጋግመው እየላኩ መንገዱን ራሳቸው ዘጉት። ቫን ጃኮብሰንና ማይክል ካረልስ በ1988 መፍትሔውን ይዘው ሲመጡ ወፍራም ሽቦ አላመጡም። ላኪው ቀስ ብሎ እንዲጀምር፣ መልስ በደረሰው ቁጥር እንዲጨምር፣ ፓኬት ሲጠፋበት እንዲቀንስ አስተማሩት። ኢንተርኔት ዛሬም የቆመው በዚያ ትምህርት ላይ ነው።

ታዲያ ለምንድን ነው ዛሬም የግዢ ሰነዶቻችን ሜጋቢት ብቻ የሚጠይቁት? መስመሩ ሲጫን መዘግየቱ ስንት ይሆናል የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለምን የለባቸውም? ሻጩ “ትልቅ ባፈር አለው” ሲል ለምን እንደ በረከት እንቀበለዋለን? በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኛ ነው! የሰው ገንዘብ አስወጥተን፣ ችግሩን ባለበት ትተን፣ ተጠቃሚውን “አሁን ፈጣን ሆኗል” እንለዋለን። ይህ ለሙያችን አይመጥንም። እንዲህ ብለው ከነገሩት ሰዎች አንዱ እኔ ስለነበርኩ ነው የምናገረው።

መድኃኒቱ ደግሞ በእጃችን ነው። ካትሊን ኒኮልስና ጃኮብሰን ኮደል የተባለውን የወረፋ መቆጣጠሪያ ስልት በ2012 አቀረቡት፤ በዚያው ዓመት ሊኑክስ በተባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ገባ፣ ያለ ክፍያ። ኮደል የሚለካው የወረፋውን ርዝመት ሳይሆን ፓኬቱ የቆየበትን ጊዜ ነው። ቆይታው ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ከ5 ሚሊሰከንድ በታች መውረድ ካቃተው ፓኬት መጣል ይጀምራል፤ ላኪውም ይነቃል። እኔ ያደረግሁት ይህን ነው፦ ራውተሩ ከመስመሩ አቅም ትንሽ ዝቅ ባለ ፍጥነት እንዲልክ ገደብኩት። ወረፋው ከሞደሙ ወጥቶ እኔ ወደማዘው ቦታ መጣ። እዚያ ላይ እያንዳንዱን ግንኙነት ለየብቻ የሚያሰልፈውን ኤፍኪው-ኮደልን አደረግሁ። ፋይሉ እየተላከ ፒንጉ ከ50 ሚሊሰከንድ አላለፈም። ባልደረባችን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስትደውል ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ቅድሚያ ነው። ለድምፅ ቅድሚያ ስጡ፤ ነገር ግን ወረፋው እናንተ በማታዙት ሞደም ውስጥ ከሆነ የቅድሚያ ምልክታችሁን የሚያነብ የለም። ሦስተኛው፣ ወደፊት የሚመጣው፣ ፓኬት ከመጣል ይልቅ “መንገዱ ተጨናንቋል” የሚል ምልክት አድርጎበት ማሳለፍ ነው። ኢሲኤን ለሚባለው ለዚህ ዘዴ ከ2001 ጀምሮ ደረጃ ወጥቶለታል፤ በ2023 ደግሞ ኤልፎርኤስ የተባለው አዲሱ ስልት ተከትሎታል። መሣሪያዎቻችሁ ይደግፉት እንደሆነ ፈትሹ።

አሁን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ነገ ሥራ ስትገቡ ፒንግ ክፈቱ፣ ትልቅ ፋይል ላኩ፣ ቁጥሩን ጻፉት። ከነገ ወዲያ እዚሁ አዳራሽ ስንገናኝ እያንዳንዳችን ቁጥራችንን ይዘን እንምጣና እንጀምር።