ተልኳል ወይስ ደርሷል? በአራዳ ለተሰበሰቡ የዕድር ዳኞችና አባላት የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የዕድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ከአዲሱ መኖሪያችሁ ሁለት ሦስት ታክሲ ይዛችሁ የድሮ ዕድራችሁን ብላችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንደምን አደራችሁ።

የተጠራሁት ስለ ጤና መድህን እድሳት እንድናገር ነው። እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለዓመታት ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለኝ። እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ደብተር ይዘው በራችሁን ካንኳኩት ነርሶች አንዷ ነኝ። ለአንዲት ባለሙያ 500 ቤት ነበር የሚሰጣት። ከሠራተኛ ሰፈር እስከ እሪ በከንቱ የማላውቀው ጓሮ አልነበረም። የማን ልጅ ክትባት እንደቀረው፣ የማን አባት የግፊት መድኃኒቱን እንዳቋረጠ አውቅ ነበር። ቡና አፍልታችሁ «ቁጭ በይ እንጂ» ብላችሁኛል። ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ፤ ደብተሩን አስረክቤያለሁ።

«ለድሃ ምንም አገልግሎት የለም» የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ክትባት ነፃ ነው። የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በጤና ጣቢያ ነፃ ነው። የቲቢ መድኃኒት ነፃ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት ከዚህ ሰፈር ስንቱን እንደሸኘን የዕድራችሁ መዝገብ ይናገራል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ እኛም ጋ ደርሷል። መዋጮውን መክፈል ለማይችል ቤተሰብ መንግሥት ይሸፍንለታል። ሴፍቲኔት አለ። በትምህርት ቤት የተማሪዎች ምገባ አለ።

ታዲያ ይሄ ሁሉ እያለ ያቺ እናት ለምን ባዶ እጇን ቀረች?

ስሟን አልጠራም። በሰው ቤት እንጀራ እየጋገረች ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ጓሮ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። አንድ ቀን ቤት ለቤት ስዞር የ11 ዓመት ልጇን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። በትምህርት ሰዓት ነው። «ለምን ቀረሽ?» አልኳት። ጉልበቷን አሳየችኝ። ያበጠ ነው። ትንሽ ስትሄድ ትንፋሿ ይቆራረጣል። እናቷን ስጠይቅ ልጅቷን ጉሮሮዋን እየደጋገመ ያማት ነበር። «ቶንሲል ነው፣ በዳማከሴ ይለቃታል ብዬ ነው» አለችኝ።

ነርስ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም አንዳንድ ልጅ ላይ መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ከዚያ ልብ ላይ ይወጣል፤ የልብን ቫልቭ ያበላሻል። በጊዜ ከተደረሰበት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋ ፔኒሲሊን በሽታው እንዳይመላለስ ይከላከላል። ውድ መድኃኒት አይደለም።

ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋት። ጤና ጣቢያው አይቶ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈላት። እኔም ደብተሬ ላይ «ሪፈር ተደርጓል» በሚለው ሳጥን ውስጥ የራይት ምልክት አደረግሁ። ወደሚቀጥለው ቤት አለፍኩ።

ከ4 ወር በኋላ በዚያ ጓሮ ሳልፍ ልጅቷ ያችው ደጃፍ ላይ ነበረች። ከንፈሯ ደርቋል። እግሯ አብጧል። «ሆስፒታል ምን አሏችሁ?» ብዬ እናቷን ጠየቅሁ። ምንም አልመለሰችም። ከአልጋው ራስጌ ፌስታል አወጣች። ፌስታሉን ፈታች። የሪፈሩ ወረቀት በሥርዓት ታጥፎ ቁጭ ብሏል።

መድህን የላትም፤ የሚከፈል ገንዘብም የላትም። ነፃ ታካሚዎች ዝርዝር ውስጥ ለመግባት ወደ አንድ ቢሮ ሄዳለች። መታወቂያ አምጪ ተባለች። ያላት የገጠር መታወቂያ ነው። መሸኛ አምጪ ተባለች። አገሯ ሄዳ መሸኛ አመጣች፤ ለትራንስፖርቱ ብርድ ልብስ ሸጣለች። የአከራይ ማረጋገጫ አምጪ ተባለች። አከራይዋ ግብር ይመጣብኛል ብላ እምቢ አለች። ለምና አስፈረመች። በ5ኛው ቀን ማኅተም የሚያደርገው ሰው የለም ተባለች። በ6ኛው ቀን ስብሰባ ላይ ነው ተባለች። እያንዳንዱ ቀን ያልጋገረችበት ቀን ነው። ያልጋገረችበት ቀን ልጆቿ ያልበሉበት ቀን ነው። በ7ኛው ቀን አልሄደችም። እኔም ብሆን አልሄድም ነበር።

እዚያው ቆሜ ደብተሬን ገለጥኩ። «ሪፈር ተደርጓል» ይላል። ተልኳል የሚል ሳጥን አለ። ደርሷል የሚል ሳጥን የለም። በሪፖርቴ ላይ ያቺ ልጅ ያለቀ ጉዳይ ነበረች። ይህን ያህል ሰው ሪፈር ተደረገ ተብሎ በስብሰባ ሲነበብ እኔም ከሌሎቹ ጋር አጨብጭቤያለሁ። ለፌስታል ውስጥ ወረቀት ነው ያጨበጨብኩት።

በማግሥቱ አብሬያት ሄድኩ። ብቻዬን አልሄድኩም። ዛሬ እዚህ ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡትን አንድ የዕድር ዳኛ «አባቴ፣ ይከተሉኝ» አልኳቸው። ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። ያው መስኮት ነው። ያችው ሴት ናት። ያው ወረቀት ነው፤ አንዲት ቅጠል አልተጨመረበትም። ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት አለቀ።

እዚህ ላይ ነው የምናደደው! ድሃ ሰው ብቻውን ሲቆም የማይታይ፣ ሽማግሌ ሲጨመርበት የሚታይ የሆነው ለምንድን ነው? ሕጉ ለሷም የወጣ ነው። ማኅተሙም ለሷ የተቀረጸ ነው። 6 ቀን ሙሉ «ነገ ተመለሺ» ያላት ሰው ለሽማግሌው ወንበር አቀረበላቸው። ወንበሩ ያን ሁሉ ቀን የት ነበር? ዛሬ እዚህ ከቢሮ የመጣችሁ ኃላፊዎች አላችሁ። ለእናንተ ነው የምናገረው። ሥራችሁን በላካችሁት ሰው አትቁጠሩ። በደረሰው ቁጠሩ! መዝገቡ ላይ አንድ ሳጥን ጨምሩ። አንድ ሳጥን ብቻ!

ልጅቷ መርፌዋን እየወሰደች ነው። ወደ ትምህርት ቤት ተመልሳለች፤ ደረጃ ስትወጣ ግን ታርፋለች። እነዚያ 4 ወራት ባይባክኑ ቫልቩ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። ዝም አለኝ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በዕድራችን ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የቀብሩን ቦታ በወረቀት ጽፈን «ሂዱ» አንልም። ጥሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አብረን እንሄዳለን። ያልመጣ ይቀጣል። ለሞተ ሰው የምናደርገውን ለታመመ ሰው አድርጉ ነው የምላችሁ። እያንዳንዱ ዕድር ሁለት ሰው ይምረጥ። ጡረተኛ ይሁን፣ ሥራ ያላገኘ ወጣት ይሁን። የታክሲውን ከዕድሩ ካዝና ስጡት። ሥራው ማከም አይደለም፤ መስኮቱ ላይ አብሮ መቆም ነው። ሴፍቲኔት ለመመዝገብም፣ ልጅ ትምህርት ቤት ለማስገባትም ያው ነው።

በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ የተነሳችሁ፣ ካርዳችሁ የድሮው ጤና ጣቢያ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። በተለይ የስኳርና የግፊት ክትትል ያላችሁ ወደ አዲሱ አካባቢ አዛውሩት።

መድህኑን በተመለከተ፣ ካርዳችሁን ይዛችሁ በወቅቱ አድሱ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ነው የሚኬደው። ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በቀር መስመሩን አትዝለሉ። የቀረውን ጥያቄ ከበሩ አጠገብ ያሉት ልጆች ይመልሱላችኋል።

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያው በር ላይ እገኛለሁ። የሚያጅባቸው ሰው የሌላቸው ሁለት እናቶች ቀጠሮ አላቸው። አንዷን እኔ እይዛለሁ። ለሁለተኛዋ ከመካከላችሁ አንድ ሰው እፈልጋለሁ፤ ከመውጣታችሁ በፊት እጃችሁን አውጡልኝ።