ኮምፒውተሬ ፋይል በላብኝ ለምትሉ

(ካሜራው በረንዳ ላይ፣ ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ)

ሰላም ናችሁ? ዛሬ ባህር ዳር፣ ከራሴ ቤት በረንዳ ላይ ሆኜ ነው ምቀርፀው፣ የባጃጅ ጥሩምባ ከሰማችሁ ታገሱኝ፣ ቤት ውስጥ መስኮት ዘግቼ ልቅረፅ ብል ሙቀቱ አያስቀምጥም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ማታ ጎረቤታችን እትዬ መጡና «አንተ ልጅ፣ ይሄ ኮምፒውተር ፋይል እየበላብኝ ነው» አሉኝ። ልጃቸው ጎንደር ነው ምትማረው፣ ወላጅ ሚፈርምበት ፎርም በኢሜይል ልካላቸው አውርደውታል፣ ሲወርድ በዓይናቸው አይተዋል፣ ከዛ የለም። ደግመው አወረዱ፣ አሁንም የለም፣ እንደዛ እያሉ የገዙት ጥቅል አለቀ።

ሄጄ ሳየው ኮምፒውተሩ ምንም አልበላም። ዳውንሎድስ ሚባለው ፎልደር ውስጥ ያው ፎርም አራቴ ተቀምጧል፣ አንዱ በራሱ ስም፣ ሌሎቹ ደግሞ ስማቸው መጨረሻ ላይ በቅንፍ 1፣ 2፣ 3 ሚል ተለጥፎባቸው። ይቺን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ክሮም፣ ማለትም ኢንተርኔት ምንከፍትበት ብሮውዘር፣ ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል እዛው ካገኘ በላዩ ላይ አይፅፍም፣ ቁጥር ለጥፎ ጎኑ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ አሁን ያወረዳችሁት ፋይል በቅንፍ 1 ይዞ ከመጣ የጠፋው ቀድሞውንም አልጠፋም ነበር፣ ሜጋችሁ ነው የጠፋው።

እና በመጀመሪያ፣ እባካችሁ ደግማችሁ አታውርዱ። ብሮውዘሩን ጠይቁት።

(ስክሪኑ ላይ ክሮም ይታያል)

ኮንትሮልን ተጭናችሁ ጄ። በቃ። ያወረዳችሁት ነገር ሁሉ ዝርዝሩ ይመጣል፣ ክሮምም፣ ኤጅ ሚባለው የዊንዶውስ ብሮውዘርም ላይ ይሰራል። ከፋይሉ ጎን የፎልደር ምልክት አለች፣ ሾው ኢን ፎልደር ምትለው፣ እሷን ስትነኳት ፋይሉ ያለበትን ቦታ ከፍታ ታሳያችኋለች። ስሙ ላይ መስመር ተሰምሮበት ዲሊትድ ሚል ካለ ግን ወይ ጠፍቷል ወይ የሆነ ሰው ሌላ ቦታ ወስዶታል ማለት ነው። በኢንኮግኒቶ፣ ማለትም ታሪክ በማይመዘግበው መስኮት፣ አውርዳችሁ ከነበር ደግሞ መስኮቱን ስትዘጉት ዝርዝሩ አብሮ ይጠፋል፣ ፋይሉ ግን ዲስኩ ላይ ይቀራል፣ ሰው ዝርዝሩ ባዶ ሲሆንበት ፋይሉም የሄደ ይመስለዋል።

ቴሌግራም ላይ ነው ብዙ ሰው ሚሳሳተው። የኮምፒውተሩ ቴሌግራም ያወረደውን ከሌላው ጋር አይቀላቅልም፣ ዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ ሚል የራሱን ፎልደር ከፍቶ እዛ ነው ሚከተው። የማትሪክ ጥያቄ፣ ሞጁል፣ መዝሙር ምናምን ምታወርዱ ልጆች እዛ ግቡ። ቪዲዮ ከሆነ ግን ሌላ ነገር አለ፣ ዝም ብላችሁ ከፍታችሁ ካያችሁት አላወረዳችሁትም፣ ካሽ ሚባል ጊዜያዊ ማከማቻ ውስጥ ነው ያለው፣ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ሴቭ ካላላችሁት ፋይል ሆኖ አይቀመጥም።

አሁን ደግሞ ማንም ማይነግራችሁን ልንገራችሁ፣ እኔን ራሴን አንድ ሙሉ ቀን ያለፋኝ ስለሆነ።

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ያላችሁ ሰዎች፣ ውስጡ ባለው ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የሳንቲም ያህል ክብ ባትሪ አለች፣ ሲአር 2032 ትባላለች። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱንና ቀኑን ይዛ ምትቆየው እሷ ነች። ባትሪዋ ከሞተች መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳና በፈረንጅ 2010 ወይ 2012 ላይ ነኝ ይላችኋል። ክሮም ሰዓትህ ተሳስቷል እያለ ድረ ገፅ አልከፍት ይላል፣ ቴሌግራም ግን ምንም ሳይመስለው ማውረዱን ይቀጥላል፣ ያወረደውም ፋይል የ2010 ቀን ይመታበታል። ቀኑ ከተስተካከለ በኋላ እናንተ ዳውንሎድስ ትገቡና ቱደይ ሚለው ስር ትፈልጋላችሁ፣ ፋይሉ ደግሞ እታች፣ ኤ ሎንግ ታይም አጎ ሚለው ስር ተቀምጧል። እኔ እኮ ፋይሉን አጥቼ ኮምፒውተሩን ፎርማት ላደርገው ነበር፣ ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጀምር። ቀኑን አስተካክሉ፣ ባትሪዋንም ቀይሩ፣ ጠፍጣፋ ነች፣ ማንም ሰው ነቅሎ ይተካታል፣ ብቻ መጀመሪያ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ።

ከዚፕ፣ ማለትም ከታመቀ ፋይል፣ ያወጣችሁት ፋይልም እንደዛ ያደርጋል፣ የድሮ ቀኑን እንደያዘ ነው ሚወጣው። በቀን ካልተገኘ በአይነት ፈልጉ፣ ዳውንሎድስ ውስጥ ሆናችሁ ከላይ መፈለጊያው ላይ የኮከብ ምልክት፣ ነጥብ፣ ከዛ ፒዲኤፍ ብላችሁ ፃፉ፣ ፒዲኤፍ የሆነው ሁሉ ይሰበሰብላችኋል።

(ስክሪኑ ላይ የዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ መስኮት)

ፋይሉ ወርዶ ታይቶ በሰከንድ ውስጥ እልም ካለባችሁ ግን ያ ሌላ ነው፣ ዲፌንደር ሚባለው የዊንዶውስ ፀረ ቫይረስ ነው የወሰደው። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ፣ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን፣ ከዛ ፕሮቴክሽን ሂስትሪ ውስጥ ግቡ፣ እዛ ታስሮ ታገኙታላችሁ። ሪስቶር ሚል አለ፣ ግን ክራክ፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሰራ የተሰበረ ሶፍትዌር፣ ከሆነ ተዉት፣ እኔ አልመልሰውም፣ ብዙ ጊዜ ዲፌንደር ልክ ነው።

መብራት መሃል ላይ ሄዶባችሁ ከነበረ ደግሞ መጨረሻው ሲአርዳውንሎድ ሚል ማይከፈት ፋይል ታገኛላችሁ፣ ያላለቀ ዳውንሎድ ነው፣ ስሙን ቀይሮ ለመክፈት አትልፉ። ኮንትሮል ጄ ብላችሁ ሪዚዩም በሉት፣ ሊንኩ ጊዜው ካላለፈበት ካቆመበት ይቀጥላል።

በእውነት ሚያጠፋም አለ። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ ውስጥ ስቶሬጅ ሴንስ ሚባል አለ፣ ዳውንሎድስን በ1 ቀን፣ በ14፣ በ30 ወይ በ60 ቀን አፅዳ ተብሎ ሊታዘዝ ይችላል። ሲመጣ ኔቨር፣ ማለትም በጭራሽ አታፅዳ፣ ሚለው ላይ ነው፣ ግን ቦታ ሞላ ብሎ ሰው ሲነካካ ይቀይረዋል፣ ኔቨር መሆኑን አይታችሁ ውጡ። ዲስክ ክሊንአፕም እንደዛው፣ በፈረንጅ 2018 መጨረሻ በወጣው ዊንዶውስ 10፣ 1809 ሚባለው ላይ፣ ዳውንሎድስን ከሚፀዱት ዝርዝር ውስጥ አስገብተውት ነበር፣ ስንቱ ሰው ሁሉንም ሳጥን ራይት አድርጎ ኦኬ ብሎ ፋይሉን ጠርጓል፣ በ2020 ነው መልሰው ያወጡት። አሮጌ ዊንዶውስ ያላችሁ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አንብቡ።

ከሪሳይክል ቢንም ከጠፋ፣ እዛው ዲስክ ላይ ሌላ ነገር አታውርዱ፣ የጠፋ ፋይል ማዳኛ ሶፍትዌሩን ራሱ ጭምር፣ በሌላ ኮምፒውተር አውርዳችሁ በፍላሽ አምጡት፣ አለበለዚያ ምትፈልጉት ፋይል ላይ ትፅፉበታላችሁ። ሃርድ ዲስክ ከሆነ ተስፋ አለ። ኤስኤስዲ፣ ማለትም አዲሱ ፈጣን የዲስክ አይነት፣ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የጠፋውን ቦታ ቶሎ ስለሚያፀዳው ብዙም አትድከሙ።

እትዬ ቤት ምን አደረኩ መሰላችሁ፣ ክሮም ሴቲንግ፣ ዳውንሎድስ ገብቼ ከማውረድህ በፊት የት ላስቀምጥ ብለህ ጠይቅ ሚለውን አበራሁላቸው፣ ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ በልጃቸው ስም ፎልደር ከፈትኩ። ቡና እየጠጣን ስክሪኑን ቁጭ ብለው አዩትና «እሺ፣ ሶስቱን አጥፋልኝ፣ አንዱ ይበቃኛል» አሉኝ።