አሸዋ ላይ የተተከለ ባንዲራ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ስኒ ሲንኳኳ ከሰማችሁ ቡናዬ ነው፣ ይቅርታ።

ሰሞኑን አከራዬ ኪራይ ጨመረብኝ። ማታ ጋደም ብዬ ምን ተመኘሁ መሰላችሁ? ማንም መጥቶ "ክፈል" የማይለኝ ቦታ። ያኔ ሚነርቫ ትዝ አለችኝ።

ሚነርቫ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ ቶንጋ ከምትባለው የደሴቶች አገር በስተደቡብ ምዕራብ ያለች የኮራል ድንጋይ ናት። እንደውም ሁለት ናቸው። ባሕሩ ሲሞላ ይሰጥማሉ፣ ሲጎድል ብቅ ይላሉ። ማይክል ኦሊቨር የሚባል የላስ ቬጋስ ሀብታም እዚያ ላይ አገር ልሥራ ብሎ ተነሣ። ሰውየው ሊቱዌኒያ የተወለደ አይሁዳዊ ነው፣ ከናዚ ካምፕ የተረፈ። መንግሥት የሚባል ነገር ቢያስፈራው እኔ አልፈርድበትም።

በፈረንጆቹ 1971 ድንጋዩ ላይ አሸዋ አስደፋ፣ ውሃ እንዳይውጠው። ጃንዋሪ 19፣ 1972 ነፃነት ታወጀ። ታክስ የለም፣ ድጎማ የለም፣ በንግድ ጣልቃ የሚገባ መንግሥት የለም። ባንዲራው ሰማያዊ፣ መሀሉ ላይ ቢጫ ችቦ። ሞሪስ ዴቪስ የሚባል ሰው ፕሬዚዳንት ሆነ። ሁሉም ነገር ተሟላ፣ ሕዝብ ብቻ ቀረ!

የቶንጋው ንጉሥ ታውፋአሃው ቱፑ አራተኛ ዝም አላሉም። ጁን ላይ መርከብ አስነሥተው ራሳቸው ሄዱ። ማንን ይዘው? ወታደር፣ እስረኞች እና የሙዚቃ ባንድ። አዎ፣ ጥሩምባ የሚነፋ ባንድ። ያ ባለ ችቦ ባንዲራ ወረደ፣ የቶንጋ መዝሙር ተዘመረ፣ አለቀ። አምስት ወር! የሚገርመው ደግሞ፣ የሚነርቫ 35 ዶላር ሳንቲም ላይ የተጻፈው ዓመት 1973 ነው። አገሩ ሄዶ ገንዘቡ መጣ።

በ1982 ዴቪስ ከሌሎች ጋር ተመልሶ ሞክሮ ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይተው የቶንጋ ወታደሮች አባረሯቸው።

እስካሁን እየሳቅኩ ነበር ያነበብኩት። ከዚያ አንድ ነገር አገኘሁ።

ከዚያ ሁሉ አሥር ዓመት በፊት፣ በ1962፣ አንዲት የቶንጋ ጀልባ እዚያው ድንጋይ ላይ ተሰባብራለች። የተሳፈሩት 17 ሰዎች አንድ የተሰበረ የጃፓን መርከብ ውስጥ ተጠልለው ሦስት ወር ያህል ቆዩ። አንዳንዶቹ እዚያው ሞቱ። ካፒቴኑ ቴቪታ ፊፊታ ከስብርባሪው እንጨት ትንሽ ጀልባ ሠራና እርዳታ ፍለጋ ወደ ፊጂ ተጓዘ። ልጁን እና አናጢውን ይዞ። ካዳቩ ደሴት ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጀልባዋ ተገለበጠች፣ ልጁ ሰጠመ። አባትየው ወደ ባሕሩ ዳር ወጥቶ ለቀሩት ሰዎች እርዳታ ጠራ።

ኦሊቨር ካርታ ላይ "የማንም አይደለም" ያለው ድንጋይ ይሄ ነው።

ኧረ ቡናዬ ቀዘቀዘ። በሉ ደህና ሁኑ።